የሲሀም ቁጥር እስኪወርድ

ነቀምቴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

በሰው አገር ሩዝና ድስት ላይ ለተሾምሽው ለአክስቴ ለሩክያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ። ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ሰላም ብያለሁ፤ መሀል ላይ የተረፈ ቦታ ካለ እሱንም ጨምሪበት። እኛ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ እንድጽፍ እህቴ ሲሀም አዝዛኛለች። ስለዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ትእዛዙ እዚህ ላይ አለቀ፤ ከዚህ በታች ያለው የራሴ ነው።

ሲሀም ኦፕራሲዮን ሆናለች። አትደንግጪ፣ ተነስታ ትሰድበኛለች። አርግዛ ነበር፤ ለማንም ሳትናገር ሆዷን ይዟት ወደቀች። በባጃጄ ሆስፒታል አደረስኳት። ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ቀርቶ ቱቦው ውስጥ ነው የተቀመጠው አሉ። «ቦታ ስቶ መቀመጥ የቤታችን ነው» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ነርሷ እንዲያውም ከክፍሉ አስወጣችኝ። ቱቦውን ሳይቆርጡ ከፍተው አወጡላት። ወደፊት መውለድ ትችላለች ብለዋል።

አሁን በየሳምንቱ ደም ስጪ ተብላለች። ሐኪሙ ለምን እንደሆነ ሲያስረዱ እኔ ውጭ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ስለ ባጃጄ አቋቋም እየተከራከርኩ ነበር። ባሏ ኢስማኢል ግን ውስጥ ነበር። «ምን አሉ?» ብዬ ስጠይቀው «ደም አሉ» አለኝ። ኢስማኢልን ታውቂዋለሽ፣ ቃል ሲያወጣ ቀረጥ የሚጠየቅ ይመስለዋል።

እዚህ ያለው ማሽን ቁጥር አያውቅም፤ አለ ወይ የለም ብቻ ነው የሚለው። ስለዚህ ደሟ በበረዶ ሣጥን ተደርጎ በሾፌሩ በዋጋሪ ሚኒባስ አዲስ አበባ ይሄዳል። ኔትወርኩ ከጠፋ ስለሰነበተ ደብዳቤዬም በዚያው መኪና ነው የሚሄደው። የባለ ሱቁ የጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ልጅ ሶፊ እዚያ ላቦራቶሪ ስለምትሠራ ሁለቱንም ትቀበላለች። ደሙን ለማሽኑ፣ ደብዳቤዬን ፎቶ አንስታ ላንቺ። አንቺ የምትጽፊውንም አትማ በዋጋሪ ትልክልኛለች። የመጀመሪያው ውጤት 1,900 መጣ። ብዙ ይሁን ትንሽ አላወቅኩም። ለማንኛውም የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ውጤቴን መቶ ጊዜ ያጥፈዋል።

አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል። ሲሀም «ለፈለግኸው ሰው ንገር፣ ለሩክያ ግን እንዳትነግራት» አለችኝ። ምን አድርገሽባት ነው?

ጫማ ቁጥሬ አርባ ሁለት ነው። ነጭ ይሁን። የነቀምቴ ጭቃ ነጭ ይወዳል።

ወንድምሽ የወለደብሽ ዕዳ፣
ይስማው

*

ሙስካት፣ ጥቅምት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለይስማው፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ አንተንም እህትህንም ከክፉ ይጠብቃችሁ። ደብዳቤህን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። እመቤቲቱ «ሩዙ አረረ» ብላ እስክትጮህ ድረስ ምንም አላሸተትኩም።

ስማኝ ልጄ። ቁጥሩ መውረድ አለበት። በየሳምንቱ እየወረደ፣ እየወረደ፣ ዜሮ እስኪገባ። ወረደ ብላችሁ አትዘኑ፤ መውረዱ ነው ደስታው። አንድም ሳምንት እንዳትዘሉ። ቀጠሮዋ ሲደርስ አንተው ራስህ ውሰዳት፤ መርፌው ሲገባ በዓይንህ ሳታይ እንዳትመለስ። ኢስማኢል ይወስዳታል ብለህ አትተኛ።

ከየት አወቅሽ አትበለኝ። እዚህ ብዙ ይሰማል።

ሲሀም ምንም አላደረገችኝም፣ እኔም ምንም አላደረግኳትም። ግንባሯን ሳምልኝ። ጫማውን ገዝቻለሁ፤ የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልካለሁ።

አክስትህ ሩክያ

*

ነቀምቴ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣ ለቁጥር ሐኪሟ፣

ሰላምታዬ እንደ ክረምቱ ሣር ይብዛልሽ። ቁጥሩ ወረደ! 640። «አክስቴ ደስ ይበላችሁ ብላለች» ብዬ ለሲሀም ባነብላት ወደ ግድግዳው ዞረች።

የባሰው ደስታ ግን ገና ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢ፣ ሩዙንም ከእሳት አውርጂው።

የኢስማኢል እናት እማማ ታንጉት «ምራቴን እኔው አስታምማለሁ» ብለው ሲሀምን ወደ መንደራቸው ወደ ጉቴ ወሰዷት። እዚያ ያቅለሸልሻታል፣ ቅቤ ሲሸታት ትሸሻለች። እማማ ታንጉት ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው «አንተ ቀጣፊ፣ ያቺን በሽንት የምትታየዋን ነገር ከፋርማሲ አምጣልኝ» አሉኝ። ፋርማሲስቷ «ለማን ነው?» ስትለኝ «ለራሴ፤ ሰሞኑን ጎምዛዛ ያምረኛል» ብዬ ነው የገዛሁት።

ሁለት መስመር! አንዱ ቀይ፣ አንዱ ፈዘዝ ያለ፣ ግን ሁለት! ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ማለት እርጉዝ ማለት ነው ይላል፤ ይሄን እኔም አላጣውም። እማማ ታንጉት መሬት ስመው «ነቢዬ መለሱልኝ! ሐኪሞቹ ያወጡት ሌላ ነገር ነው፣ ልጁ እዚያው አለ!» አሉ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጉቴን በጥሩምባ ዞርኩ። አንዱ ሽማግሌ «ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ መንግሥት ተለወጠ እንዴ?» አሉኝ።

የዚህ ሳምንት ደም አልተሰጠም። እማማ ታንጉት «በየሳምንቱ ደሟን እየቀዱ ልጁን ምን ሊመግቡት ነው?» አሉ። እኔም ሳስበው ልክ ናቸው። ቁጥሩ የቁስሉ ነው፤ ቁስሉ እየዳነ ነው፣ ወርዷል። መስመሩ ደግሞ የልጁ ነው። ሁለት የተለያየ ነገር።

ያልሳቀች ሲሀም ብቻ ናት። «ሐኪሙ ስለዚህ አንድ ነገር ብለው ነበር መሰለኝ፤ ራሴን አዙሮኝ ስለነበር አላስታውስም» አለችኝ። «ኢስማኢል፣ ምን አሉ?» ብዬ ብጠይቀው «እናቴ ታውቃለች» አለ።

ጫማው ላይ የሕፃን ጫማ ጨምሪበት።

አጎት ሊሆን የተቃረበው፣
ይስማው

*

ሙስካት፣ ኅዳር 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይስማው፣

ሰላምታውን ዛሬ ይቅር በለኝ። ደብዳቤህ መንገድ ላይ ቆይቶ ዛሬ ነው የደረሰኝ። መንገድ ተዘግቶ ነበር አለች።

መስመሩም ቁጥሩም አንድ ናቸው። ገባህ? ያ ቁጥር የቁስል ቁጥር አይደለም፤ የእርግዝና ሆርሞን ነው። ያ በሽንት የሚነከረው ስንጥርም የሚያየው እሱኑ ሆርሞን ነው። ልጅ ይኑር አይኑር አያውቅም። ቱቦውን ሳይቆርጡ ከፍተው ሲያወጡ ቅሪት ከኋላ ሊቀር ይችላል፤ የቀረው እዚያው ያድጋል፣ ያደገው ቱቦውን ይቀድዳል። በየሳምንቱ ደም የሚወሰደው ለዚህ ነው። ቀርቶ እንደሆነ ሳይፈነዳ እንዲታወቅ። በጊዜ ከታወቀ በመርፌም ያቆሙታል።

እማማ ታንጉትን አትቆጣቸው። ሁለት መስመር ያየ ሰው ሌላ ነገር መስማት አይችልም። አውቃለሁ።

ደብዳቤው እጅህ እንደገባ ሂድ። ሆዷን ካመማት፣ ካዞራት፣ በተለይ ደግሞ ትከሻዋን ካመማት አትጠብቅ። ሆድ ውስጥ የሚፈስ ደም ትከሻ ላይ ነው የሚያመው። ሰው አያምንም፣ ግን እንደዚያ ነው። ትከሻ፣ ይስማው።

ሩክያ

*

ጉቴ፣ ኅዳር 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለዘገየሽው አክስቴ፣

መልስ ስላጣሁ ሰላምታዬን በግማሽ ቀንሻለሁ። ሰላም። ዐለይኩም የለም።

ትናንት እማማ ታንጉት ዱበርቲ ጠሩ። የሴቶቹን ዱዓ ታውቂው የለ፣ እርጉዟን መሀል አስቀምጠው፣ ገንፎውን ከበው፣ በጭብጨባ እየመረቁ የሚውሉት። ወንድ አይገባም ስለተባለ ሻሽ ጠምጥሜ ገባሁ። በጢሜ ተያዝኩ፤ ጢም ስላለኝ ሳይሆን ሦስቷን ፀጉሬን ሁሉም ስለሚያውቃት። «ይያዝልሽ፣ ይጽናልሽ፣ ይክበድልሽ» እያሉ ሲመርቋት እኔም ከተባረርኩበት ከውጭ «አሚን» አልኩ።

ሲሀም ግን ቀጥ ብላ መቀመጥ አቃታት። ሆዷን ትንሽ ይዟታል። የሚያስቀው ደግሞ ትከሻዋን አመመኝ ትላለች። ከጎድጓዳ ሳህን በቀር የከበደ ነገር ያላነሳች ሴት! «በቆሎ ተሸክመሽ ነው ያደርሽው?» አልኳት። እማማ ታንጉት ቅቤ ቀቡላት። አልለቀቃትም።

ሰሞኑን ቀልዴ አያስቃትም። ድሮ ስትሰድበኝ ነበር የማውቀው አስቂኝ መሆኔን። አሁን እጄን ትይዝና አትለቅም።

ጻፊልኝ። ጫማው አይቸኩልም።

ይስማው

*

ሙስካት፣ ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይስማው፣

ትከሻዋን አልክ? ትከሻዋን?

የኅዳር ሦስቱ ደብዳቤዬ ደርሶሃል? ስደውል «ደንበኛው አይገኝም» ይለኛል። ሶፊ ይሄኛውን ደብዳቤህን ሌላ ሾፌር አመጣልኝ፣ ዋጋሪ ገና አልተመለሰም ትላለች። ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ስንተኛው እንደሆነ አላውቅም። ማንም ሽንኩርት አላዘዘኝም።

ለሲሀም ግማሹን ብቻ ነግሬያት ነበር፣ ስለ ስንጥሩና ስለ ትከሻው አልነገርኳትም፤ ላንተ ሁሉንም ልንገርህ። እዚህ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ከቤቱ ሾፌር ጋር ኒካህ አድርገን ሳለ፣ እኔም እንደ እሷ ቱቦ ውስጥ ሆነብኝ። አውጥተውልኝ ደም ስጪ አሉኝ። ከዚያ ተደብቄ በስንጥር አየሁ። ሁለት መስመር። ለማንም አልተናገርኩም፤ «ተረፈልኝ» ብዬ ደም መስጠቱን ተውኩት። ልጄ ያለ መስሎኝ ሆዴን እየዳበስኩ ነበር የምተኛው። ትከሻዬን ያመመኝ ዕቃ ሳጥብ ነው። ከዚያ ያለውን አላስታውስም። ስነቃ ሐኪሙ መውለድ አትችይም አሉኝ። ሾፌሩም ብዙ አልቆየ።

ለምን አትመጪም ስትሉኝ ሥራ በዛብኝ የምለው…

ተወው። አንድ ቃል ላክልኝ። አለች ወይ የለችም። ሌላ ወሬ አልፈልግም።

ሩክያ

*

ነቀምቴ፣ ኅዳር 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

አክስቴ፣

አለች። የቀረውን ከፈለግሽ ነገ አንብቢው።

የኅዳር ሦስቱን ደብዳቤሽን ዋጋሪ ያመጣልኝ ኅዳር ስድስት ነው፣ መናኸሪያ ወረፋ ይዤ ሳለሁ። «ያ ጉርባ፣ የሙስካት ሰው ጽፋልሃለች» ብሎ በመስኮት ወረወረልኝ። «ትከሻ፣ ይስማው» የሚለው ላይ ስደርስ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ጮኸ። ተሳፋሪዎቼን «ውረዱ» አልኳቸው። አንዷ ሴትዮ እስካሁን ይሰድቡኛል።

ጉቴ ስደርስ ሲሀም ተጋድማለች፣ ከንፈሯ ነጥቷል። እማማ ታንጉት ደጃፍ ላይ ገብስ ይለቅማሉ።

«እማማ፣ ልጅ የለም! ደም ነው የሚፈሳት፣ ሆስፒታል እንሂድ!» አልኩ።

«እሰይ፣ መጣ የኛ አጫዋች» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ወላሂ ነው የምልዎት!»

«ባለፈውም ወላሂ ብለህ ነው ለዶሮ ግብር ሊመዘግቡ መጡ ያልከኝ። አውራ ዶሮዬን አልጋ ሥር አሳድሬ ሲጮህብኝ አደረ።»

ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ይሄ የእጅ ጽሑፍ አይደለም፣ በማሽን የተመታ ነው። አንተው አስመትተኸው ነው» አሉ። ጎረቤቶች መጡ፣ ሳቁ። አለቀስኩ። ስታለቅስም ታስቃለህ አሉኝ። ኢስማኢልን ብጎትተው እናቱን አየ። አክስቴ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እውነት ተናግሬ አላውቅም፣ እንደዚያ ቀንም ተስቆብኝ አያውቅም። ያኔ ነው የፈራሁት። ትሞታለች፣ እኔም «ብያችሁ ነበር» ስል ሰው ይስቃል ብዬ።

ወጥቼ ባጃጁ ውስጥ ተቀመጥኩ። ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግኩና ተመልሼ ገባሁ።

«እሺ፣ ተነቅቶብኛል» አልኩ። «እውነቱን ልናገር። ሩክያ መጥታለች።»

ገብሱ ቆመ።

«የቷ ሩክያ?»

«የሙስካቷ። ነቀምቴ ናት። ሻንጣዋ በር አይገባም። ሲሀምን ሳላይ ውኃ አልጠጣም ብላለች፤ ላስደንግጣችሁ ብዬ ነው ሌላ የቀባጠርኩት።»

«ኧረ አንተ! ይሄን ቀድመህ አትናገርም?» አሉና ብድግ። አዲሱን ሻሻቸውን አሰሩ፣ ኢስማኢልን «ደግፋት፣ ምን ትቆማለህ!» አሉት። ውሸቴን ለማመን ሻሽ የማሰሪያ ጊዜ ያህል አልፈጀባቸውም።

ከጉቴ ነቀምቴ ያለው መንገድ ያን ቀን ረዘመ። ጉድጓድ በዘለልኩ ቁጥር ከኋላዬ ትንፋሿ ቁርጥ ይላል። ቀስ ብል ትሞታለች፣ ብፈጥን ትሰበራለች። እማማ ታንጉት «ጨርቅ ይዛ መጥታ ይሆን ወይስ ወርቅ?» እያሉ ኢስማኢልን ያዋራሉ። ሲሀም ግንባሯን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች።

«ይስማው» አለችኝ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ።

«ወይ።»

«ሩክያ አልመጣችም አይደል?»

«አልመጣችም።»

«ንዳ» አለችኝ።

የሆስፒታሉ በር ላይ ስንቆም እማማ ታንጉት «እዚህ ነው እንዴ ያረፈችው?» ብለው ሳይጨርሱ ሲሀም እግሯን መሬት አስነካችና ተዘረጋች። ከዚያ በኋላ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ሆዷ በደም ተሞልቶ ነበር። ቱቦው ተቀዶ ስለነበር ቆርጠው አወጡት፤ ሌላኛው አለ። ከመግባቷ በፊት የተቀዳው ደም ውጤቱ ዛሬ መጣ፣ 2,300። «ይክበድልሽ» ስንላት እሱ እየከበደ ነበር። እኔም «አሚን» ብያለሁ። ይሄ ከአእምሮዬ አይወጣም።

ደም ያስፈልጋል ሲሉ የእኔ ገጠመ። ሐኪሙን «ቀልድም አብሮ ይገባባታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳይስቁ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ትከሻዬን ሲነኩኝ ጮህኩ።

እማማ ታንጉት ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጠዋል። አዲሱ ሻሽ አንገታቸው ላይ ወርዷል። ማታ ላይ ቀና ብለው «ሩክያስ?» አሉኝ። ሴትዮዋ እዚያ ድረስ አምነውኛል። ምን ልበል? «ሽንት ቤት ገብታለች» አልኳቸው።

ይስማው

*

ሙስካት፣ ኅዳር 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ይስማው፣

«አለች» የሚለው ላይ ቆሜ የቀረውን አንተ እንዳልከው በማግስቱ አነበብኩት። አላህ እጅህን አይንሳን። ውሸትህንም።

አሁንም ደም መስጠቷ አልቀረም። ቱቦው ቢወጣም ዜሮ እስኪገባ ድረስ። እኔ እስክሰማ ድረስ እንቅልፍ የለኝም። ለእማማ ታንጉት ስለ እኔ ንገራቸው፤ ብቻቸውን የተሳሳቱ እንዳይመስላቸው።

ሩክያ

*

ነቀምቴ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለሩክያ፣

ሰላምታዬ ሙሉ ነው፣ ከነዐለይኩሙ።

310 መጣ። ቀጥሎ 42። በመሀሉ አንድ ሳምንት መንገድ ተዘግቶ ዋጋሪ ሳይነሳ ቀረ። ሣጥኑ ውስጥ በረዶው ሲቀልጥ እያየሁ መናኸሪያ አደርኩ፤ ጉድጓድ ሳልዘልም የሲሀም ትንፋሽ ሲቆረጥ ይሰማኝ ነበር። በማግስቱ እንደገና ተቀዳች። ድሮ መርፌ ስታይ ትሮጥ የነበረችው ሲሀም ክንዷን እራሷ ነው የምትዘረጋው።

እማማ ታንጉት አልተመለሱም፣ እኛው ጋ ናቸው። ያልሺኝን ነገርኳቸው። «እሷን ማን አስታመማት?» አሉ። «ማንም» አልኩ። ሌላ አልጠየቁም። በሳምንቱ ግን ጉቴ ሄደው እነዚያኑ ሴቶች ሰብስበው አመጡ። ሲሀምን እንደገና መሀል አስቀመጧት። አሁን ግን ምርቃቱ ተገልብጧል፦ «ይውረድልሽ፣ ይጉደልልሽ፣ ባዶ ይሁንልሽ!» እያሉ አጨበጨቡ። አንዷ አሮጊት ግራ ገብቷቸው «ይሄ ምርቃት ነው እርግማን?» ሲሉ እማማ ታንጉት «ሳይንስ ነው፣ አጨብጭቢ!» አሏቸው። ኢስማኢል እንኳን ከውጭ ሆኖ «ይውረድ» አለ። አንድ ቃል ነው፣ ግን ሰምተነዋል። በየቀጠሮው አሁን ሐኪሙን የሚጠይቀው እሱ ነው፤ የተባለውንም ቃል በቃል ለሲሀም ይደግምላታል።

ዛሬ ጠዋት ዋጋሪ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ወረቀቱን አውለበለበ። «አንተ አንብበው» ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ያ ጉርባ፣ እዚህ ላይ ከሁለት በታች ይላል» አለኝ። ሮጬ ሐኪሙ ጋ ገባሁ። «የለም ማለት ነው። አልቋል» አሉ። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ቆየሁ። ጥሩምባ አልነፋሁም። አልቻልኩም።

ሲሀም ስትሰማ መጀመሪያ የተናገረችው «ይሄ ደደብ እውነቱን ነው?» የሚለውን ነው። ተሳደበች! ድናለች ያልኩት ያኔ ነው።

ጫማውን ተይው። ሰው ሲገኝ እልካለሁ ያልሺውን በሰው አትላኪው።

እማማ ታንጉት በየቀኑ ማታ ማታ አንድ ሰሃን ከእኛ ነጥለው ይከድናሉ። «ለማን ነው?» ስላቸው «ለሩክያ ነዋ፤ ነቀምቴ ናት አላልከኝም?» ይሉኛል። ማን በማን እንደሚያሾፍ ጠፍቶኛል። «ሰው ‹ልጅስ?› ምናምን ቢላት እኔ አለሁ፣ አፉን በገንፎ ነው የምደፍንለት» ብለዋል። ትናንትም «ይቺ ልጅ አልዘገየችም?» አሉኝ።

አሁንም ሽንት ቤት ናት ነው የምላቸው።

እባክሽ ውጪ።

ይስማው